ልብስና ለባሹ

ከፍጥረት ሁሉ መካከል ልብሱን ራሱ መርጦ የሚለብስ ሰው ብቻ ነው። ወፍ ላባዋን፥ በግ ጠጕሩን፥ ነብርም ዝንጕርጕርነቱን ከተፈጥሮ ያገኙታል፤ እስኪሞቱም ድረስ በፈቃዳቸው አይለውጡትም። ሰው ግን ራቁቱን ተወልዶ፥ ሌሎች ባለበሱት ጨርቅ አድጎ፥ አእምሮው በጠና ጊዜ ይህን ልልበስ ያን ልተው ይላል። ስለዚህ ልብስ ለሰው ከብርድና ከፀሐይ መከለያ ብቻ ሳይሆን የፈቃዱም ምልክት ነው። ፈቃድ ባለበት ሁሉ ጽድቅና ኃጢአት፥ ልክና ከልክ ማለፍ ስለሚከተሉ፥ የልብስ ነገር የሸማኔና የነጋዴ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም።

ጥያቄው ይህ ነው። ሰው በየዕለቱ በሚለብሰው ልብስና በሚያደርገው ጌጥ ከሌላው ተለይቶ መታወቅን፥ የራሱንም ጠባይ መግለጥን ቢወድ ከንቱ ውዳሴ መፈለግ ነውን? ወይስ ለሰው የተገባ ነገር ነው?

ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን ሰዎች ሁለት ዓይነት ፍርድ ይፈርዳሉ። የፊተኞቹ እንዲህ ይላሉ፤ ልብስ የተጀመረው ከበደል በኋላ ነው፤ አዳምና ሔዋን ቅጠል የሰፉት ራቁትነታቸውን ባወቁ ጊዜ ነውና፥ ከኀፍረት የተወለደውን ነገር መመኪያ ማድረግ ቍስልን ሸልሞ እንደ ማሳየት ይቈጠራል። መጥምቁ ዮሐንስንም ምስክር ይጠራሉ፤ እርሱ የግመል ጠጕር ለብሶ፥ ወገቡን በጠፍር ታጥቆ በምድረ በዳ ኖረ እንጂ የቤተ መንግሥትን ለስላሳ ልብስ አልተመኘም። የኋለኞቹ ግን፥ ቅጠሉን የሰፋው ሰው ቢሆንም የቁርበቱን ልብስ አድርጎ ያለበሰው ፈጣሪ ነው፤ ለአሮንም የክህነት ልብስ በተሠራ ጊዜ ክብር ብቻ ሳይሆን ውበትም እንዲኖረው ታዟል፤ የሜዳ አበባን እንዲያ አድርጎ ያስጌጠ አምላክ በሰው ጌጥ አይቈጣም ብለው ይመልሳሉ።

ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ የፊተኞቹ አንድ ነገር ዘንግተዋል። የመጥምቁ ልብስ ከሁሉ ያነሰ ስለ ነበረ ከሁሉ ይልቅ ተናገረ። ያየው ሰው ጠጕራሙን፥ በጠፍር የታጠቀውን ነቢዩን ኤልያስን ያስታውስ ነበር። በአብነት ትምህርት ቤትም የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ፥ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ መንደር ሲመጣ፥ ገና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ባለቤቱም ውሻውም ማን እንደ ሆነ ያውቃሉ። ልብሴ ምንም አይናገርም የሚል ሰው ራሱን ያታልላል፤ የተናቀ ልብስም ንቄዋለሁ እያለ ይናገራልና። እንግዲህ ዝም የሚል ልብስ ስለሌለ፥ ልብስ ይናገር ወይስ አይናገር ብሎ መጠየቅ ትርፍ ነው። መጠየቅ የሚገባው ምን ይናገራል፥ የማንንስ ቃል ይናገራል፥ ሰሚውስ እንዴት ይሰማዋል ተብሎ ነው።

ይህ የልብስ ንግግር በግልጥ ከሚሰማባቸው ቦታዎች አንዱ ቢዮ አዋሌ ነው። ቢዮ አዋሌ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር ቀበሌዎች አንዱ ሲሆን፥ ቢዮ የሚለው ቃል በሶማሊኛ ውኃ ማለት ነው። የቦታው ስም እንዲህ ሶማሊኛ ይሁን እንጂ ከነዋሪዎቹ የሚበዙት ኦሮሞዎች፥ ሃይማኖታቸውም እስልምና ነው። ማሽላና ጫት ይተክላሉ፤ ከብትና ፍየል ያረባሉ፤ ያፈሩትንም ወስደው በድሬዳዋ ይሸጣሉ። በቀፊራ ገበያ ኦሮምኛው፥ ሶማሊኛው፥ ሐረሪኛውና አማርኛው ሲደባለቅ፥ ከአንደበቱ ቋንቋ አስቀድሞ የሚሰማው የልብሱ ቋንቋ ነው።

ወንዱ ሽርጥ ታጥቆ፥ ሸበጥ ተጫምቶ፥ በትሩን በትከሻው አጋድሞ ይመጣል። ያገባች ሴት ጠጕሯን ጠቅልላ ጉፍታ በሚባለው መሸፈኛ ትይዘዋለች፤ ይህም በሐረር ከተማ ሴቶችና በሐረርጌ ኦሮሞ ሴቶች ዘንድ የታወቀ የጋብቻ ምልክት ነው። የሶማሌም ሴት ባገባች ጊዜ ራሷን በሻሽ ታስራለች። እነዚህ ምልክቶች አንዲት ሴት ብቻዋን የፈጠረቻቸው አይደሉም፤ እናት ከእናቷ እየተቀበለች ያቈየቻቸው ናቸው። ከከተማ የመጣ እንግዳ ከሩቅ ሲመለከት ሁሉም አንድ ዓይነት ለብሰዋል ይላል። የመንደሩ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ይህች ጨሌዋን ቀይ ከቢጫ ታፈራርቃለች፤ ያችኛዪቱ ጥቁር ብቻ ትወዳለች፤ አንዷ የሻሿን ጫፍ ወደ ግራ ትጥላለች፤ ሌላዪቱ የሟች እናቷን አምባር ከክንዷ አታወልቅም። የመንደሩ ልጅ እናቱን ከኋላዋ አይቶ የሚለያት በዚህ ነው። እንግዲህ በአንድ ሥርዓት ውስጥ ያለው ልዩነት የማይታየው ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ግእዝ ለማይሰማ ሰው ዜማውም ቅኔውም አንድ እንደሚሆንበት ማለት ነው።

ደግሞ በዚህ ስፍራ ስለ ነጭ ልብስ አንድ ነገር ሊነገር ይገባል። በደጋው ሕዝብ ዘንድ ነጭ ልብስ የንጽሕናና የደስታ ምልክት ነው። የቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል በዓል በታኅሣሥ 19 ቀን በሚከበርበት ጊዜ፥ በድሬዳዋ መንገድ የሚያልፈው ምእመን ነጭ ለብሶ ሲጎርፍ እጅግ ያምራል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለውም ምሳሌ የመጣው ከዚሁ ፍቅር ነው። ነገር ግን ነጭ ልብስ ውኃ ይፈልጋል። በሙቀትና በአቧራ አገር፥ ሴት ልጅ ውኃን ከሩቅ ተሸክማ በምታመጣበት ቤት፥ አንድ እንስራ ውኃ ለመጠጥ ይሁን ለከብት ወይስ ለማጠቢያ የሚለው ነገር በየቀኑ የሚቈረጥ ፍርድ ነው። ስሙ ውኃ በሆነ ቀበሌ የምትኖር ሴት ጨለም ያለ ወይም ባለ ብዙ ቀለም ጨርቅ መርጣ ብትለብስ፥ ነጭ ለባሹ ሰው ንጽሕናን አታውቅም ብሎ የሚፈርድባት ከሆነ፥ የፈረደው በልቧ ላይ አይደለም፤ በእንስራዋ ላይ ነው።

ስለ ጌጥም እንደዚሁ ነው። የሐረርጌ ሴት በአንገቷና በክንዷ የምታደርገው ብር ለመታየት ብቻ የተሠራ አይደለም። በቀድሞ ዘመን ይህን ምድር የሞላው ማርትሬዛ የሚባለው ጠገራ ብር ነበረ፤ መቼም ይመታ መቼ በላዩ የሚጻፈው ዘመን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር 1780 ብቻ ነው። ይህን ብር አንጥረኛው እያቀለጠ አምባር፥ ድሪ፥ የጆሮ ጌጥና አልቦ ይሠራበት ነበር፤ ሳይቀልጥም በአንገት ተንጠልጥሎ ያጌጥ ነበር። መሬቱ በባልዋ ስም፥ ከብቱ በቤቱ ስም ሲቈጠር፥ ለሴቲቱ የራሷ የሆነ ገንዘብ በገላዋ ላይ ያለው ብቻ የሆነበት ቤት ብዙ ነው። ድርቅ በመጣ ጊዜ፥ ልጅ በታመመ ጊዜ፥ ጌጡ ወልቆ እህልና መድኃኒት ይሆናል። ይህን ሳያውቁ የሴት ጌጥን ሁሉ ከንቱነት ብሎ መስበክ፥ የድኻን ጎተራ አይቶ ሆዳምነት ብሎ እንደ መስደብ ነው።

ይህ የልብስ ቋንቋ በቆላ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በደጋውም እጅግ የረቀቀ ሰዋስው አለው። አንድ ሸማ አሥር ነገር ይናገራል። በታላቅ ሰው ፊት የቆመ ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ያደገድጋል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋል፤ ኀዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ አዙሮ ይለብሳል፤ ሥራ የያዘች ሴት በወገቧ ታሸርጠዋለች። ጨርቁ አንድ ነው፤ የተገዛውም አንድ ጊዜ ነው፤ ነገር ግን እንደ አለባበሱ ትሕትና፥ ጸሎት፥ ልቅሶ ወይም ድካም ይሆናል። ሰው ጠባዩን ለመግለጥ ብዙ ልብስ ማከማቸት እንደማያስፈልገው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ይሁን እንጂ አሮጌውን ሥርዓት ሁሉ ማመስገን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። በቀድሞ ዘመን ሰው ያሻውን ለመልበስ ገንዘብ ብቻ አይበቃውም ነበር። የሐር ቀሚስ፥ ካባና ለምድ ከንጉሥ እጅ የሚገኙ የሹመትና የጀግንነት ምልክቶች ነበሩ፤ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖም የመኳንንት ልብስ ነበረ። ልብሱ የሚናገረው የለባሹን ጠባይ ሳይሆን የለባሹን ወንበር ነበር። ከዚህ ሥርዓት የወጡት ራሳቸው ነገሥታቱ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ተራ ወታደር የሚለብሰውን ሸማ ለብሰው ይታዩ እንደ ነበር ያዩአቸው የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክም ራሳቸውን በነጭ ሻሽ አስረው በላዩ ሰፊ ጥቁር ባርኔጣ ይደፉ እንደ ነበር ሥዕሎቻቸው ያሳያሉ። አንዱ ከማዕርጋቸው ዝቅ ብለው፥ ሌላው የአገር ውስጡንና የውጭውን አዋሕደው፥ ሁለቱም የራሳቸውን ጠባይ በልብሳቸው ተናገሩ። በጣልያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ዐርበኞች ጎፈሬአቸውን ሳይቈረጡ በዱር በኖሩ ጊዜ ደግሞ፥ ሐር የሌለው ሰው በጠጕሩ ብቻ የልቡን መሐላ ሊገልጥ እንደሚችል ታየ።

ከአሮጌው ሥርዓት በደሎች የሚከፋው ግን በለባሹ ላይ የደረሰው ሳይሆን በሠሪው ላይ የደረሰው ነው። በአማርኛ ጥበብ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል፤ አንደኛው ዕውቀት፥ ሁለተኛው በቀሚስና በነጠላ ጫፍ ሸማኔው በቀለማት የሚያወጣው ጌጥ ነው። ቋንቋው የሸማኔን ሥራ ከሰሎሞን ሀብት ጋራ በአንድ ስም ሲጠራ፥ ተናጋሪው ግን ሸማኔውን ሲንቅና ሲሳደብ ኖረ። ስለዚህ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አውጀው፥ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መሳደብን ከለከሉ። ዛሬም በሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን ጥበብ ቀሚስ ለብሳ በድግስ የምትደምቅ ወይዘሮ፥ የዶርዜውን ሸማኔ ዋጋ አንድ በአንድ እየቀነሰች ተከራክራ የገዛችው ከሆነ፥ ልብሷ የሚናገረውን አፏ እንዳፈረሰው ልታውቅ ይገባል።

በድሬዳዋና በዙሪያዋ አሮጌው ሥርዓት የተናጋው በባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ደረሰ፤ ከተማዪቱም ከሐዲዱ ጋራ ተወለደች። በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ፥ ከባሕር ማዶ የመጣው አቡጀዲ፥ ባለ ቀለም ጨርቅና ጃንጥላ ብዙውን ጊዜ የሚራገፈው በዚህች ከተማ ነበር። በኋላም በጣልያን ወረራ ዘመን የተጀመረው የጥጥ ፋብሪካ ለከተማዪቱ ሌላ ስም ሰጣት። የቢዮ አዋሌ ገበሬ ማሽላውን ሸጦ በሚመለስበት መንገድ፥ አያቱ ያላየውን ቀለም ለልጁ ይዞ መግባት ቻለ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ደግሞ በተለምዶ ቦንዳ ወይም ሰልባጅ የሚባለው ልብስ ነው። የባዕድ አገር ሰዎች ለብሰው የተዉት ልብስ ታስሮ፥ ባሕር ተሻግሮ፥ ለንግድ ማስገባቱ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም በስውር መንገድ እየገባ በምሥራቁ ገበያዎች ይዘረገፋል። የዚህን ነገር ጥቅም መካድ አይገባም። አንድ ድኻ ወጣት በሕይወቱ የመጀመሪያ ጊዜ ከክምር ልብስ ፊት ቆሞ፥ ይህ ያምረኛል ያ አያምረኝም ሲል፥ በቀድሞ ዘመን የመኳንንት ብቻ የነበረውን የመምረጥ ክብር አገኘ ማለት ነው። ይህን ደስታ የሚነቅፍ ሰው ብዙ ጊዜ እርሱ ራሱ ሲመርጥ የኖረ ነው።

ጉዳቱ ግን ሌላ ነው። ወጣቱ በደረቱ ላይ የተጻፈውን አያነብም። በሩቅ አገር ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ስም፥ የማያውቀው ነጋዴ ማስታወቂያ፥ አንዳንድ ጊዜም ቢተረጐምለት በእናቱ ፊት የማይለብሰው ነውረኛ ቃል በደረቱ ተጽፎ ይዞራል። በጀርባው የሌላ ሰው ስም፥ የታወቀ ኳስ ተጫዋች ስምና ቍጥር አለ። ቀድሞ በልብሱ የሚናገረው ወንበሩ ነበረ፤ አሁን ደግሞ በልብሱ የሚናገረው ነጋዴው ሆነ። ሁሉም ልዩ ሆኜ እታያለሁ ብሎ ከአንድ ክምር አንድ ዓይነት ሲመርጥ፥ የቢዮ አዋሌ ጐልማሳ ከአዲስ አበባው፥ የአዲስ አበባው ከናይሮቢው የማይለይበት ጊዜ ደረሰ። ከእናቱ ጉፍታ ውስጥ የነበረው ልዩነት ከልጁ ማሊያ ውስጥ ጠፋ።

ይህን ነገር ለመመዘን የቅኔ ቤት ሥርዓት ጥሩ ሚዛን ይሆናል። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እርሱም ሁለት ቤት ነው። ከዚያ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፥ እያለም እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። የቤቱን ቍጥር፥ የዜማውን ልክ፥ የመድረሻውን ፊደል ተማሪው አይፈጥርም፤ ከአባቶች ይቀበላል። በዚህ በተቀበለው ልክ ውስጥ ግን ትናንት ያልተባለ፥ ከባልንጀራውም ያልተበደረ አዲስ ነገር እንዲያመጣ ይጠየቃል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ያፍራል፤ ልኩን አፍርሶ እንደ ልቡ የዘራም ይታረማል። ሥርዓቱ የጋራ ነው፤ ቃሉ የግል ነው። ያለ ሥርዓቱ ቃሉ ጩኸት ይሆናል፤ ያለ ቃሉም ሥርዓቱ ባዶ ዕቃ ይሆናል።

የልብስ መልካምነት እንዲሁ ነው። የቢዮ አዋሌዋ ሴት ጉፍታዋን ከእናቷ ተቀበለች፤ የጨሌዋን አሰላለፍ ግን ራሷ አወጣችው። ጉፍታው ከጎረቤቶቿ ጋራ ያስተባብራታል፤ ጨሌው ከእነርሱ መካከል ይለያታል። በቅኔ ቤት ቋንቋ ብትመዘን ልኩን የጠበቀች፥ አዲስም ያመጣች ናት። ስለዚህ በልብስ የራስን ጠባይ መግለጥ ከንቱ ውዳሴ ነውን ለሚለው ጥያቄ መልሱ፥ በራሱ ከንቱ ውዳሴ አይደለም የሚል ነው። ከንቱ የሚሆነው ቃሉ የተሰረቀ ወይም የተበደሩት በሆነ ጊዜ ነው።

ይህንም የዳዊት ታሪክ ያስረዳል። ጎልያድን ሊገጥም በወጣ ጊዜ ሳኦል የራሱን የጦር ልብስ አለበሰው፤ የናስ ቍርም በራሱ ደፋለት። ልብሱ የንጉሥ ነው፥ የተከበረ ነው፥ ከእረኛ ጨርቅም እጅግ ይበልጣል። ዳዊት ግን በእርሱ መራመድ አቃተው፤ አልለመደውምና አወለቀው። በእረኛ ልብሱ፥ በወንጭፉና በኮረጆው ሄደ። ሳኦል ክፉ አላሰበም፤ ልብሱም ክፉ አልነበረም፤ የዳዊት ግን አልነበረም። እግዚአብሔር ለዳዊት የሰጠው ድል በሳኦል ልክ የተሰፋ አልነበረምና።

በዚህ ዘመን በሳኦል ልብስ ለመራመድ የሚታገል ወጣት ብዙ ነው። ካልታደሰ ስልክና ከውድ ጫማ የተነሣ ከባልንጀሮቹ ያነሰ የመሰለው ልጅ የአባቱን ፍየል ያሸጣል፤ ዕቁቡን አስቀድሞ ይወስዳል፤ ከዚያም ፎቶግራፉን አንሥቶ ለሩቅ ሰው ያሳያል። ሩቁ ሰው የሚያየው ጫማውን ነው፤ ዕዳውን የሚያዩት እናቱና አባቱ ናቸው። በሰው ወርቅ አይደምቁ የሚለው የአባቶች ምሳሌ የተነገረው ስለ ተዋሱት ጌጥ ቢሆንም፥ በዕዳ ስለ ተገዛውም እውነት ነው። የያዕቆብን ቤት ያወከውም አንድ ልብስ እንደ ነበረ አይረሳም፤ አባት ለዮሴፍ ብቻ ያለበሰው ጌጠኛ ቀሚስ በወንድሞቹ ልብ ቅናትን ዘራ፤ በመጨረሻም በደም ተነክሮ ወደ አባቱ ተመለሰ። ጌጡ ሳይሆን በወንድም ፊት የተጌጠበት አኳኋን ገደለ።

ነገር ግን ወጣቱን ብቻ መውቀስ ከእውነት ግማሹን መናገር ነው። ይህ ልጅ ፍየል ሸጦ ጫማ የገዛው ለምንድር ነው? ሽርጡን ታጥቆ ወደ ከተማ በወረደ ቀን ባላገር ተብሎ ስለ ተሣቀበት ነው። ለጉዳዩ ወደ ጸሐፊ በር ሲቀርብ፥ ከረባት ያሰረው ከኋላው መጥቶ አስቀድሞ ሲገባ ስላየ ነው። ሐኪም ቤት ሲሄድ ስሙን ሳይሆን ሸበጡን ስላነበቡበት ነው። ልብስ ንግግር ከሆነ፥ ተናጋሪው ብቻ ሳይሆን ሰሚውም ይጠየቃል። ሐዋርያው ያዕቆብ ከጻፋቸው ብርቱ ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ የወርቅ ቀለበት ያደረገ ሰውና ያደፈ ልብስ የለበሰ ድኻ አብረው ወደ ጉባኤ ቢገቡ፥ ለአንዱ መልካም ወንበር የሚሰጥ፥ ሌላውን ወዲያ ቁም የሚል ሰው ክፉ ፈራጅ ሆነ ማለት ነው። ተግሣጹ በባለ ቀለበቱ ላይ አይደለም፤ ወንበር በሚሰጠው ላይ ነው። ወንበር የሚሰጠውም በየከተማው ያለ የተማረ ሰው፥ በየደብሩም ያለ ካህን ነው። ሰንበቴ ላይ ማን ከላይ ይቀመጥ፥ ማን ከበሩ አጠገብ ይቅር የሚባለው ብዙ ጊዜ በካባ ነውና።

አንጥረኛ መልክ ሲያወጣ አስቀድሞ ሰሙን ይቀርጻል፤ በሰሙ ዙሪያ ጭቃውን ያለብሳል፤ ሰሙን አቅልጦ ባወጣው ስፍራ ወርቁን ያፈስሳል። ቅኔም ሰምና ወርቅ የተባለው በዚህ ነው። ጀማሪ ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ይስቃል፤ መምህሩ ግን ወርቁን ፈትቶ ያደንቃል። በልብስ ነገርም ልብሱ ሰም፥ ለባሹ ወርቅ ነው። ሰውን በልብሱ ብቻ የሚመዝን ሰው ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይፈታ ከጉባኤው የተነሣ ተማሪ ነው። ሰሙን ንቆ ልብስ ምንም አይደለም የሚልም ወርቁን አያገኝም፤ ወደ ወርቁ የሚወሰደው በሰሙ ነውና። ልብ እና ልብስ በፊደል ቢቀራረቡም የግሥ ሥራቸው ልዩ ልዩ ነው፤ ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ መንገድ መሄድ ያስፈልጋል። መንገዱም ሰውን ማነጋገር፥ ከየት እንደ መጣ፥ ምን እንደ ተሸከመ መጠየቅ ነው።

እንግዲህ ልብስ የሚመርጥ ሰው ራሱን በሦስት ነገር ይመርምር። አንደኛ፥ ይህ ልብስ እውነት ይናገራልን? ያልሆነውን ሆኖ የሚታይበት፥ ያላገኘውንም ማዕርግ የሚያስመስልበት ከሆነ ሐሰት ነው፤ ሐሰት በጨርቅ ቢጻፍም ሐሰት መሆኑ አይቀርም። ሁለተኛ፥ የዚህ ልብስ ዋጋ ከማን አፍ ወጣ? ከልጅ ወተት፥ ከእናት መድኃኒት፥ ከሸማኔ ደመወዝ የተቀነሰ ከሆነ ውበቱ አይጸናም። ሦስተኛ፥ በዚህ ልብስ ጎረቤት ያፍራልን ወይስ ይደሰታል? በሠርግ ቀን የሁሉን ዐይን ደስ የሚያሰኝ ጌጥ አለ፤ ድኻው ገና በደጅ ሳለ እንዲመለስ የሚያደርግ ጌጥም አለ። እነዚህን ሦስቱን ያለፈ ሰው፥ ጨሌውን ቀይ ቢያደርግ፥ ባርኔጣውን ቢያዘነብል፥ የጥለቱን ቀለም እንደ ወደደ ቢመርጥ ማንም ሊገሥጸው አይገባም።

ስለ ጉፍታ የሚነሣው ክርክርም በዚህ ሚዛን ይፈታል። ከቢዮ አዋሌ ወጥታ በከተማ የተማረች ልጅ ባገባች ጊዜ የእናቷን ጉፍታ ብትተው፥ አንዳንዱ አገሯን ካደች ይላታል፤ ብታደርገው ደግሞ ሌላው አልሠለጠነችም ይላታል። ሁለቱም የሚፈርዱት በራሷ ላይ ባለው ጨርቅ ነው እንጂ በራሷ ውስጥ ባለው አሳብ አይደለም። መሣቅ ፈርታ የጣለችው ከሆነ የተበደለችው እርሷ ናት፤ በደለኛውም የሣቀው ሰው ነው። መሰደብ ፈርታ ያደረገችው እንደ ሆነም ጉፍታው የእናቷ ውርስ መሆኑ ቀርቶ ቀንበር ሆኖባታል። አስባበት፥ እናቷንም አክብራ፥ ብታደርገው ወይም ብታኖረው ግን ቃሉ የራሷ ነው፤ የሰው ቃል ደግሞ በአክብሮት ሊሰማ ይገባዋል።

በቀፊራ ገበያ በር የሚቆም አስተዋይ ሰው ከዚህ በኋላ ሁለት ነገር ቢያደርግ ብዙ ያተርፋል። ማሽላዋን አውርዳ ላቧን ከምትጠርገው ሴት ጋራ ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ሰላምታ ይስጣት፤ በሽርጥ የመጣውንም ሽማግሌ በካፖርት ለመጣው እንደሚለቅ መንገድ ይልቀቅለት። በልብሳቸው የተጻፈውን ሁሉ ወዲያው ማንበብ ባይችልም፥ የማያውቀው ፊደል ፊት እንደ ቆመ ተማሪ ዝም ብሎ ይማር።